የልጄ ደረት በልብስ ገመድ ላይ

ልጆቹ ንገሪን አሉኝ። ነገሩን ያመጣችው ፀሐይ ናት። ፀሐይ ልትጋረድ ነው ተብሎ በሬዲዮ በተነገረ ሰሞን የልጅ ልጆቼ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አንድ ትልቅ ቡናማ ፖስታ ጎትተው አወጡ። ውስጡ የደረት ራጅ ነው። ትልቁ ልጅ መቀስ ይዞ መጣና፣ «እማማ፣ ይሄን ለሁለት ቆርጠን ፀሐይዋን ልናይበት ነው፤ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ራጅ አላቸው» አለኝ። እናታቸው በራጅ ፀሐይ ማየት ዓይን ያጠፋል ብላ ባትቆጣልኝ ኖሮ እኔስ አንደበቴ ተሳስሮ ነበር። ፖስታውን ተቀብዬ ወደ ቦታው መለስኩት። ከዚያ ወዲህ የማን ደረት ነው፣ ለምን ታስቀምጪዋለሽ እያሉ መውጫ መግቢያ አሳጡኝ። በአፌ ልነግራቸው ስጀምር ወይ ሌላ ወሬ ውስጥ እገባለሁ፣ ወይ ድምፄ ይቆረጣል። እስቲ ልጻፈው አልኩ። ጽሑፍ ደግ ነው፤ ብታለቅሺ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል።

እኔ የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ ልጅ አዝዬ ነው። እኔ ሀ ሁ ስል እሱ ጀርባዬ ላይ ይንጠራራል፤ አስተማሪው «ይሄ ልጅ ከእርስዎ ቀድሞ ሊለየው ነው» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ያ የታዘለው ልጅ ነው የራጁ ባለቤት። የመጀመሪያ ልጄ፣ የእናታችሁ ታላቅ ወንድም።

ሲያድግ ቁመቱ አላቆም አለ። አባቱ አጭር ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና፣ በርጩማ ላይ ሆኖ ነበር አምፖል የሚቀይር። ይሄኛው ግን የቤታችንን ጣሪያ በራሱ ይጠርገዋል። ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገቱ የሚታዘንለት። ጎረቤት በቁመቱ ይቀልድ ነበር፤ እሱም ይቀልዳል። አባቱ ሲሞት ትምህርቱን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጦ ቡልጋሪያ ሰፈር አንድ ጎሚስታ ቤት ገባ። የምንኖረው ቂርቆስ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ግቢ በተፋፈገበት የቀበሌ ቤት። እዚያ ጎሚስታ ቤት በእግር ሄዶ በእግር ይመለሳል። ማታ ሲመጣ እጁ የጎማ ሽታ አለው፤ በሳሙናም በአመድም አይለቅም።

አንዳንድ ቀን ምሳውን ይዤለት እሄድ ነበር። ሥራውን ማየት ደስ ይለኛል። ካላማዳሪውን፣ ማለቴ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ በአየር ይነፉትና ውሃ በሞላ ግማሽ በርሜል ውስጥ እያዞሩ ይነክሩታል። ዓይን የማያየው ቀዳዳ ቡልቅ ቡልቅ ብሎ ራሱን ያጋልጣል። ያን ቦታ ምልክት ያደርጉበትና አድርቀው፣ ፈትገው ይለጥፉታል። ከዚያ ደግሞ ይነክሩታል። አረፋ ከሌለ ዳነ ማለት ነው። አብሮት የሚሠራ አንድ ጓደኛ ነበረው፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጉልበተኛ፣ ሳቂታ ልጅ። «እማማ፣ ልጅዎ ጎማ ማንሳት አያስፈልገውም፤ ቆሞ መኪናውን ከላይ ያስፈራራዋል» ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ልጄ ከምሳ ሰዓት በፊት ቤት መጣ። ቀኝ ጎኑን በእጁ ደግፎ፣ ትከሻው ወደዚያው ዘንበል ብሎ።

ምን አነሳህ ብለው ምንም አላነሳሁም አለኝ። ከጓደኛው ጋር ቆሞ ሻይ እየጠጣ ሳለ ድንገት ወጋው። በቃ፣ እንደ መርፌ ወጋውና ከዚያ ትንፋሽ አጠረው። እኔም፣ ግቢውም፣ ሁላችንም በአንድ አፍ ብርድ ነው አልን። ላብ ላይ ሆኖ ንፋስ መትቶት ነው አልን። ለዚህ ምስክር አያሻም፤ እኛ አገር ጎን የሚወጋ ሁሉ ብርድ ነው። ከእኔ ቤት ቀጥሎ የምትኖር የወሎ ሴት ነበረች፤ ቅመም ትነግዳለች፤ እንደ እህቴ ናት። ዝንጅብል ከነጭ ሽንኩርት ወቅጣ መጣችና ጎኑን በቅባት አሸችው። «አብሽሪ፣ ብርድ ነው፤ ላብ ሲያወጣው ይለቀዋል» አለችኝ። ላብም አወጣው፤ አለቀቀውም። በጀርባው መተኛት አቃተው። ደረቅ ሳል ጀመረው። ከውሃ ቧንቧው እስከ በራችን ባልዲ ይዞ ሲመጣ ሁለት ጊዜ ቆመ።

ያኔ ነው ሹክሹክታው የመጣ።

እናንተ ልጆች ያን ዘመን አታውቁትም። በሰፈራችን ወጣት እንደ ቅጠል የሚረግፍበት ጊዜ ነበር። ስሙን የማንጠራው በሽታ ነበር። ሰው ሲቀጥን፣ ሲያስለው፣ «ሳንባ ነው» ይባልና ድምፅ ይቀንሳል፤ ሳንባ ማለት ያ ማለት ነው። ልጄ ደግሞ ዱሮም ቀጭን። ቧንቧው ጋ ወረፋ ስይዝ ወሬ ሲቋረጥ ይሰማኛል። የተቋረጠ ወሬ ድምፅ አለው።

ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። አንዲት ወጣት ሐኪም ማዳመጫዋን በግራም በቀኝም ደጋግማ አደረገችበት። በቀኝ በኩል ብዙ ቆየች። ከዚያ የደረት ራጅ ተነስቶ ዛሬውኑ ይምጣልኝ አለች። እዚያ ራጅ አልነበረም። ካዛንቺስ የሚነሳበት አንድ ቤት ነበር፤ አሁን ሰፈሩም ቤቱም የለም፣ መስታወት በመስታወት ሆኗል። እዚያ ሄድን።

ራጅ የሚያነሳው ሰውዬ ልጄን ሸሚዝ አስወለቀው፤ አንገቱ ላይ ያለውንም አውልቅ አለው፤ ብረት ካለ ፎቶው ላይ ይወጣል አለ። ክርስትና ከተነሳ ጀምሮ ከአንገቱ ያልወጣ ማተብ ነው፤ ክሩ ብቻ ነው የሚቀየረው፣ ያውም አዲሱ ሳይታሰር አሮጌው አይፈታም። ለእኔ ሰጠኝና በር ተዘጋ። መስቀሉ ከደረቱ ሙቀት ጋር መዳፌ ላይ ነው። ከውስጥ የሰውዬው ድምፅ ይሰማኛል፤ ደረትህን አስጠጋ፣ ትንፋሽህን ሳብ፣ ያዘው። ያዘው ሲል ልጄ ያስላል። እንደገና፤ ሳብ፣ ያዘው። ያስላል። እኔ ውጭ ሆኜ ትንፋሼን ይዤለት ነበር፤ የሚረዳው ይመስል።

ፊልሙ እስኪታጠብና እስኪደርቅ ጠበቅን። ፖስታውን ይዘን ጤና ጣቢያ ስንደርስ ሐኪሟ ወጥታለች። ዓርብ ነበር። ዘበኛው ሰኞ ጠዋት ኑ አለን። ልጄ አንገቱን ቀብሮ ታክሲ ውስጥ ገባ፤ እኔ ያን ትልቅ ፖስታ ታቅፌ። ራጅ ይዘሽ ሰፈር ስትገቢ ታቦት ይዘሽ የገባሽ ነው የሚመስለው፤ ያላየ የለም።

በማግሥቱ ግቢው ሁሉ አላስችል አለው። እስቲ እንየው፣ እስቲ እንየው። እኔም ማየት ፈልጌያለሁ፤ አልዋሽም። ቤታችን ጨለማ ነው፣ መስኮቱ የመዳፍ ያህል። ስለዚህ የወሎዋ ጎረቤቴ ፊልሙን ወሰደችና ከልጆች ካልሲና ከአንሶላ መሃል፣ ልብስ ማስጫ ገመዱ ላይ በሁለት መቆንጠጫ ሰቀለችው። ከኋላው ጠራ ያለ ሰማይ ነበር። እንግዲህ የልጄ ደረት፣ ጎድኑ አንድ በአንድ የሚቆጠር፣ ንፋስ ሲነካው እየተወዛወዘ ሰው ሁሉ ከበበው።

በግቢያችን ጥግ አንድ ጡረተኛ ነበሩ፤ ጦር ሠራዊት ውስጥ ድሬሰር የነበሩ። ግንባር ላይ ቁስለኛ ሲያክሙ የኖሩ ደግ ሰው ናቸው። ለግቢው መርፌ የሚወጉ፣ ቁስል የሚያጥቡ እሳቸው ናቸው፤ አምስት ሳንቲም ተቀብለው አያውቁም። መነጽራቸውን አድርገው መጡ። ሰው ቦታ ለቀቀላቸው። ፊልሙን ከግራም ከቀኝም አዩት። በአንዱ በኩል ጭስ የመሰለ፣ ክር ክር የሚል ነጭ ነገር አለ። በሌላው በኩል ግን፣ ልጄ ወጋኝ በሚልበት በቀኙ፣ ጥርት ያለ ጥቁር ነው፤ ምንም የለበትም።

«ሳንባ ነቀርሳ ራጅ ላይ ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው» አሉ። «እንደ ደመና፣ እንደ ጥጥ። ስንቱን አይቻለሁ። ይሄ የሚያመው ጎን ግን ተመልከቱ፣ ነቁጥ የለበትም። ንጹሕ ነው። በዚያኛው ያለው ይሄ ክር የቀለለ ነገር ነው፣ ሲጋራ አጠገብ የዋለ ሰው ሁሉ አለበት። ልጄ፣ አንተን ብርድ ነው የያዘህ።»

አንዲት ሴት እልል አለች። የወሎዋ ጎረቤቴ አልሐምዱሊላህ ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ጠረገች፤ ከዚያ ወደ ቧንቧው ዞር ብላ፣ «ሰማችሁ? ንጹሕ ነው!» አለች፣ ስም ሳትጠራ። ቧንቧው ጋ የነበሩት ሰምተዋል። እኔ መሬቱን ሳምኩ። ያን ቀን ግቢያችን የዓመት በዓል መሰለ፤ ዳቦ የጋገረ ዳቦ አመጣ፣ እንቁላል ያላት እንቁላል። ልጄ ደጃፉ ላይ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ለሁሉም ፈገግ ይላል። ሲስቅ ግን ጎኑን ይዞ ነው።

ሰው ሲበተን ቤት ገባን። ለእኔ ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ «እማዬ፣ ንጹሕ ከሆነ ለምን አየር ያጥረኛል?» አለኝ።

ብርዱ ሲወጣ ይለቅሃል አልኩት። ሌላ ምን ልበለው።

ሰኞ ጠዋት ሐኪሟ ፊልሙን ከፖስታው አውጥታ መብራት ያለው ሳጥን ላይ ለጠፈችው። ከወንበሯ ተነሳች። «የት ነው ያለው?» አለች። በረንዳው ላይ አግዳሚ ላይ ነው አልኳት። «በእግሩ ነው የመጣው?» አለችና መልሴን ሳትጠብቅ ወጥታ፣ እጁን ይዛ አምጥታ አስቀመጠችው። ነርሷን ጠርታ መኪና እንዲፈለግ አዘዘች። እኔ ግራ ገባኝ። የኔ እመቤት፣ ንጹሕ ነው ብለውናል አልኳት።

ልጅ እግር ናት፤ ግን አልተቆጣችም። እጄን ይዛ ወደ መብራቱ አስጠጋችኝ። «እማማ፣ ይሄ ክር የሚመስለው ይታይዎታል? የሳንባው ደም ሥር ነው። እንዲህ ነው መሆን ያለበት፣ እስከ ዳር ድረስ። አሁን ይሄኛውን ይዩ። ክሩ አለ?»

የለም አልኳት።

«የለም፤ ምክንያቱም ሳንባው እዚያ የለም። ይሄ ጥቁሩ አየር ነው። ከሳንባው ሾልኮ ወጥቶ ደረቱ ውስጥ ታስሯል፤ ሳንባውን ገፍቶ አኮማተረው። ሳንባው ያለው እዚህች ጋ ነው» ብላ ከልቡ አጠገብ ያለ፣ የተጨበጠ እጅ የሚያህል ግራጫ ነገር በጣቷ ከበበችልኝ። ከጎኑ ያለችውን ቀጭን ነጭ መስመርም አሳየችኝ፤ የሳንባው ጠርዝ ነው አለች። ያችን መስመር ግቢው ሁሉ አይቷታል። ድሬሰሩ የጎድን አጥንት ጥላ ናት ብለው ነበር።

እኔም ዓይኔ በራልኝ። ቅዳሜ እልል ያልንለት ያ ጥርት ያለ ጥቁር ልጄ የማይተነፍስበት ቦታ ነበር።

ትልቁ ሆስፒታል ወሰዱት። በጎድንና በጎድን መሃል ቀደድ አድርገው ቱቦ አስገቡለት። የቱቦው ሌላው ጫፍ አልጋው ሥር ወዳለ ጠርሙስ ይወርዳል፤ ጠርሙሱ ውስጥ ውሃ አለ፤ ጫፉ ውሃው ውስጥ ጠልቋል። ገብቼ ሳየው ልጄ ገርጥቶ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ዓይኑ ግን ጠርሙሱ ላይ ነው። ሲያስል ከቱቦው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ወደ እኔ ዞር አለና፣ «እማዬ፣ አየሽ? ካላማዳሪ ነኝ እኮ። እዚህም በርሜል አላቸው» አለኝ። ሐኪሙ ምን እያለ ነው ብሎ ጠየቀ። ነገርኩት። ሥራው ምን እንደሆነ ሲሰማ ሳቀ፤ ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ልክ ነህ አለው። አረፋው ካቆመ ቀዳዳው ተዘግቷል ማለት ነው፤ ያንተን ግን የምንለጥፈው እኛ ሳንሆን ራሱ ነው አለው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ በጠርሙስ ነው የማስታውሰው። ምግብ ይዤ እመጣለሁ፤ ፊቱን ሳልስም መጀመሪያ ጎንበስ ብዬ ጠርሙሱን አያለሁ። ሌሎቹ አስታማሚዎች፣ «እሷ የምታስታምመው ጠርሙሱን ነው» እያሉ ይስቁ ነበር። ጓደኛው ከጎሚስታ ቤት ከነቱታው እየመጣ ይጠይቀዋል፤ እንዴት ነው አይልም፣ ስንት አረፋ አለ ነው የሚለው። እነሱ ሲስቁ አረፋው ይበዛል፤ ነርሷ ታባርረዋለች።

ድሬሰሩም መጡ። ብርቱካን በፌስታል ይዘው አልጋው ግርጌ ቆሙ። ቁጭ ይበሉ ብላቸው አልቀመጥ አሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ ይቅር በለኝ» አሉት።

ልጄ ለመነሳት ሞከረ፤ ቱቦው አልፈቀደለትም። «ጋሼ፣ እርስዎ ቲቢ የለበትም አሉ። የለብኝምኮ። ምን አጠፉ?» አላቸው።

ብርቱካኑን አስቀምጠው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ግቢ ውስጥ ማንም ራጅ ይዞ ቢመጣ እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣምራሉ፤ «ወደ ሐኪም፣ ወደ ሐኪም» ብቻ ነው የሚሉት። ይሄም አሳዘነኝ፤ ያን ያህል ዘመን ሰው ያዳኑ እጆች ናቸውና።

አረፋው ቆመ። እንደገና ራጅ አነሱትና ሐኪሙ ጠርቶ አሳየኝ፤ ክሩ እስከ ዳር ድረስ ሞልቷል። እንደዚያ ያማረ ነገር አይቼ አላውቅም። ያኛው ፊልም ሆስፒታል ቀረ። በእጃችን የቀረው የመጀመሪያው ነው፤ እናንተ ልትቆርጡት የነበረው።

ሲያስወጡት ሐኪሙ አስጠነቀቀን። እንዲህ ያለ ረጅምና ቀጭን ወጣት ላይ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ በዚያው ጎን ወይ በሌላው። ከወጋህ፣ ትንፋሽ ካጠረህ አንድ ቀን አታሳድር፣ በዚያው ሰዓት ና። ሁለተኛ ከመጣ ደግሞ በቀዶ ጥገና ነው የምንዘጋው አለው። እሺ አለ። እኔም ሰምቻለሁ።

ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ሌላ ምን ሥራ አለ። ከባዱን ጓደኛው ያነሳለታል። ሰፈሩ ግን አፉን አልዘጋም። ጎኑ ላይ ያለውን ጠባሳ ያየ ሁሉ ወሬ ሠራ። ሳንባው ተቀዶ ነው፣ ያ በሽታ ነው፣ እናቱ ደብቃ ነው። አንድ ቀን የወሎዋ ጎረቤቴ ቧንቧው ጋ ሰማቻቸው። ባልዲዋን አስቀምጣ፣ «ምላሳችሁን ወስዳችሁ ጎሚስታ ቤት በርሜል ውስጥ ንከሩት፤ ስንት ቦታ እንደተቀደደ ይታያል» አለቻቸው። ሳቅ ሆነ። ሳቅ ግን ወሬ አያቆምም፤ ለአፍታ ያሳርፈዋል እንጂ።

በዚህ መሃል ነው ለእናታችሁ ሽማግሌ የመጣው። አባታችሁ የለገሃር ልጅ ነው፤ ወድዷታል፣ ወድዳዋለች። ቤተሰቡም ጨዋ ነው። አንዲት አክስት ብቻ ነበረች፤ እሷም አሁን አፈር ሆናለች፣ ክፉ አልላትም። ዘር ይጠየቃል፣ ቤት ይጠየቃል፤ ወጉ ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ ከዘር በላይ የሚጠየቀው ጤና ነበር። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አግኝታኝ፣ ወንድምየው ሳንባ ታሞ ነበር ይባላል፣ አሁንስ እንዴት ነው አለችኝ። አየር ነው፣ ድኗል አልኳት። አየር ስላት የሰማችኝ አልመሰለኝም። ቤት ገብቼ ለጎረቤቴ ስነግራት ልጄ ከጀርባዬ ቆሞ ኖሯል።

ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት የአባቱን ኮት ለበሰ፤ እጅጌው ክንዱ ላይ ቀርቷል። ቀጥ ብሎ ቆሞ አስተናገዳቸው። ጠላውን ከነጋኑ አንስቶ ከጓዳ እስከ ሳሎን አመጣው፤ እኔ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጋን የሚያነሳ በሽተኛ የለም። ነገሩ ተፈቀደ፤ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ።

ጾሙ ሲገባደድ ልጄ ቁጭ ብሎ መተኛት ጀመረ። ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ። ምነው ብለው ሆስፒታል ለምዶብኝ ነው አለኝ። ወጋህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት፤ ደግሜም ጠየቅኩት። «እማዬ፣ አንቺ ሙሽራ ዳሪ፤ እኔን ተይኝ» አለኝ፤ ሳቀ። ቀለሙ ጠፍቷል፤ በጾም ነው አልኩ። የሠርግ ቤት ታውቃላችሁ፤ ሰው ሰውን በወጉ አያይም።

በሠርጉ ቀን በአባቷ ቦታ ሆኖ እጇን ይዞ አወጣት። አልጨፈረም፤ የድንኳኑን ምሰሶ ተደግፎ ያጨበጭብ ነበር። ጓደኛው ሊያስጨፍረው ሲጎትተው አየሁ፤ ከዚያ ምን እንዳለው እንጃ፣ ጓደኛው ለቀቀውና አጠገቡ ቆመ፤ እስኪያልቅ ድረስ ከአጠገቡ አልተለየም። የሠርጉ ፎቶ ላይ ሁለቱም አሉ።

መልሱ አልፎ፣ ሙሽሮቹ ወደ ቤታቸው በሄዱ በማግሥቱ፣ ረፋድ ላይ፣ ሳህን ሳጥብ ስሜን አልጠራም፣ እማዬም አላለም፤ ጠረጴዛውን በእጁ መታው። ዞር ስል አፉ ይከፈታል፣ ቃል አይወጣም። የአንገቱ ሥር ተገትሯል፤ ከንፈሩ የበሰለ እንጆሪ መስሏል። ጎረቤቴ እየጮኸች መንገድ ላይ ወጥታ ታክሲ አስቆመች። ከኋላ ወንበር እሱን መሃል አድርገን ተቀመጥን። ቁመቱ አልገባ ብሎ ጉልበቱ ከፊት ወንበር ጋር ተጋጭቷል። ለገሃር አካባቢ መኪና ተጨናንቆ ነበር። ሹፌሩ ክላክሱን ይዞ አልለቀቀውም። ጎረቤቴ በእሷ ቋንቋ ትጸልያለች፣ እኔ በእኔ። ልጄ ራሱን ትከሻዬ ላይ ጣለ። ዱሮ ጀርባዬ ላይ ሲተኛ ክብደቱ የሚጨምርበት ጊዜ አለ፤ እናት ታውቀዋለች፤ ያኔ ተኛ ትላለች። ትከሻዬ ላይ እንደዚያ ከበደኝ። ጎረቤቴን አላየኋትም። መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር ገና ነው እሷ እጁን ይዛ ማልቀስ የጀመረችው። ሆስፒታል ሐኪሞቹ መርፌም ሰኩ፣ ደረቱንም ተጫኑ፤ የሚገባቸውን አደረጉ።

የሠርጉ ድንኳን ገና አልተነቀለም ነበር። እድሩ ሌላ ድንኳን ማምጣት አላስፈለገውም። የእናታችሁ እጅ ላይ ሂናው ሳይለቅ ነው ደረቷን የመታችው። ሰው የሠርግ ዓይን ነው አለ፤ ሌላው ያው ብርድ ነው አለ። ድሬሰሩ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ሰው እስኪበተን ድረስ ውለው ነበር የሚሄዱት። እኔ ደግሞ ስንት ዘመን አንድ ጥያቄ ይዤ ኖርኩ፤ እንዴት እንደዚያ በድንገት? ሐኪሙ በዚያው ሰዓት ና ብሎት ነበር፤ ሰዓቱ መቼ መጥቶ መቼ አለፈ? እኔ ሳላየው?

አሁን የምጽፈውን እናታችሁ ታውቀዋለች። ቀድሜ ነግሬያታለሁ፤ አልቅሰናል፤ ጻፊው ያለችኝም እሷ ናት።

ሰፈራችን ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ከገባን በኋላ ነው። ለገሃር ታክሲ ስጠብቅ አንድ ሰው እማማ ብሎ እጄን ሳመ። ፂሙ ሸብቷል፤ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ሲስቅ አወቅኩት። ያ ጓደኛው ነው። አሁን የራሱ ጎሚስታ ቤት አለው፤ ልጆችም አሉት። ሻይ ልጋብዝዎት አለኝ። ስለ ልጆቹ እያወራን ሳለ ሻዩን አስቀመጠ። ከዚያ፣ ልጅዎ በማተቡ አስምሎኝ ነበር አለኝ። ለማንም እንዳትናገር፣ ለእማዬ በተለይ ብሎ። አሁን ግን እኔም ልጅ ወለድኩ፤ ይዤው መሞት ከበደኝ አለ።

ሠርጉ ሊደርስ ሲል፣ ሁዳዴ ሳይፈታ፣ ልጄ ሥራ ላይ ሳለ ወግቶት ኖሯል። በግራ በኩል። ሁለቱ ተያይዘው ካዛንቺስ ሄደው ራጅ ተነሳ፤ ይዘውት ሆስፒታል ሄዱና ሐኪሙም ፊልሙን አይቶ ጥቁሩን አሳየው፤ ገና ትንሽ ነበር፤ ዛሬውኑ መተኛት አለብህ አለው። ልጄ ፊልሙን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ትቶት፣ እህቴን ልዳርና እመጣለሁ ብሎት ወጣ።